ከናሙናው ቀድሞ የሚደርስ ሥዕል፦ ፎቶግራፍ ማስተካከልን ለደቡብ ምዕራብ ተማሪዎች ስለ ማስተማር

የነጋዴ ሀብቱ ሁለት ነው፤ አንዱ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ሲሆን ሁለተኛው ደንበኛው በእርሱ ላይ ያለው እምነት ነው። ዕቃው ቢጎድል በሚመጣው መከር ይተካል፤ እምነት ግን አንድ ጊዜ ከጎደለ ለመተካት የብዙ ዓመት ድካም ይጠይቃል። ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና በጠቅላላው ለደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ነጋዴዎች ዛሬ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ጉዳይ ቀርቦላቸዋል። ይኸውም የዲጂታል ፎቶግራፍን የማስተካከል መሠረታዊ ዕውቀት ለአካባቢው ተማሪዎች የማስተማር ጉዳይ ነው።

ይህ ነገር ለመምህራንና ለፎቶግራፍ ቤቶች የሚተው እንጂ ነጋዴን የሚመለከት የማይመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ንግድ ቤት ከገባ ሰንብቷል። ቀድሞ ገዢው ቡናውን በመዳፉ አፍሶ፣ አሽትቶና ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ይገዛ ነበር። ከባሕር ማዶ ያለውም ገዢ ናሙናው በፖስታ እስኪደርሰው ድረስ ይታገሥ ነበር። ናሙና የመላክ ልማድ ዛሬም አልቀረም፤ ሊቀርም አይገባውም። ሆኖም ከናሙናው ቀድሞ የሚደርሰው ሥዕል ነው። ገዢው ናሙና ይላክልኝ ብሎ የሚጽፈው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ የደረሰውን ፎቶግራፍ ከተመለከተ በኋላ ነው። ፎቶግራፉ የደበዘዘ፣ የተንጋደደ ወይም ከሌላ አገር የተወሰደ መሆኑ ከታወቀ ግን ናሙናው ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ነጋዴውም ለምን እንዳልተጠየቀ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

የቡናው አገርና ገበያው

ይህ ሁኔታ ከሌላው አገር ይልቅ በደቡብ ምዕራብ የሚጎዳበት ምክንያት አለ። ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የምትባለው ከተማ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ቴፒም ከዚያ አልፋ ትገኛለች። ሁለቱ ከተሞች የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ መቀመጫዎች ለመሆን በቅተዋል። ይሁን እንጂ መንገዱ ረጅም፣ ዝናሙም ብዙ ስለ ሆነ ከውጭ የሚመጣ ገዢ ቤበቃንና ቴፒን፣ ማሻንና ጌሻን በዐይኑ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሐረርን ወይም የይርጋ ጨፌን ቡና የሚገዛ ሰው ስሙን አስቀድሞ ሰምቶታል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በውጭ አገር የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ የተነሣው ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን ነበር። ከነዚህ ስሞች መካከል የደቡብ ምዕራብ ስም አልነበረበትም። ስሙ ያልተሰማ አገር ደግሞ መልኩን በጥሩ አኳኋን ማሳየት ይጠበቅበታል።

ከዚህም ሌላ የግብይቱ መንገድ ተለውጧል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተከፍቶ ቡናን ማገበያየት ከያዘ በኋላ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለ ነበር የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ተለይቶ የሚታይበት ዕድል ጠባብ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ከወጣ ወዲህ ግን የቡናው መነሻ ተለይቶ የሚታወቅበት፣ አምራቹም ከውጭ ገዢ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት በር ሰፍቷል። በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግ ያሸነፉት ቡናዎች ለዓለም ገዢዎች የተሸጡት በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ቡና በደረጃው ብቻ ሲሸጥ ፎቶግራፍ አያስፈልገውም ነበር። ቡና በአምራቹ ስም ሲሸጥ ግን ገዢው የአምራቹን እርሻ፣ ማጠቢያውንና ማድረቂያ አልጋውን ለማየት ይፈልጋል።

ቡናው ብቻም አይደለም። ከዚሁ አገር ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና ዝንጅብል ይወጣል። የቴፒ የምርምር ማዕከል የቅመማ ቅመም ዝርያዎችን ሲያጠና ዓመታት አስቆጥሯል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል፤ ማራቸውም የታወቀ ነው። እንደዚህ ያለ አገር ዕቃውን በሰው አገር ሥዕል የሚሸጥበት ምክንያት የለውም።

የጌሻ ትምህርት

የነገሩ ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት የጌሻን ቡና ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደን የተሰበሰበ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንዛኒያ ተወሰደ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ ተሻገረ፤ በኋላም ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 ላ ኤስሜራልዳ የተባለው የፓናማ እርሻ ይህንኑ ቡና ለውድድር አቅርቦ አንደኛ ወጣ፤ በጨረታውም አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ። ይህ ዋጋ በዚያን ጊዜ የቡና ነጋዴዎችን ሁሉ ያስደነቀ ነበር። ዘሩ የወጣው ከኢትዮጵያ ደን ሆኖ ሳለ ክብሩንና ዋጋውን አስቀድማ ያገኘችው ፓናማ ናት፤ ቡናውን ለይታ በራሷ እርሻ ስም ለዓለም ያቀረበችው እርስዋ ናትና።

ወደ ጌሻ ተመልሰው ይህን ስም ከመነሻው ጋር ለማገናኘት ከተነሡት ሰዎች መካከል ሁለቱ የሥዕል ባለሙያዎች መሆናቸው በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አዳም ኦቨርተን ዘጋቢ ፊልም ሠሪ፣ ራሔል ሳሙኤል ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኢትዮጵያ ቡና ፊልም ለመሥራት በመጡ ጊዜ ነገሩ ልባቸውን ስቦት እ.ኤ.አ. በ2011 በጌሻ አጠገብ የራሳቸውን የቡና እርሻ አቋቋሙ። እርሻው ቡናውን በየማሳው ለይቶ ለዓለም ገዢዎች በኢንተርኔት ጨረታ ያቀርባል። ቡናው ያለ ጥራቱ በሥዕል ብቻ ይህን ስም ባላገኘ ነበር፤ ነገር ግን የእርሻውን መልክ አሳምሮና አስተካክሎ ማሳየት የሚችል ዐይን ገና ከመነሻው በቤቱ ውስጥ ነበር። በአጠገቡ ያሉ ብዙ አምራቾችና አቅራቢዎች መልካም ቡና አላቸው፤ ዐይኑና እጁ የሠለጠነ ሰው ግን የላቸውም። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው የአካባቢው ወጣት ነው።

ማስተካከል ማለት ምን ማለት ነው?

ፎቶግራፍን ማስተካከል አዲስ ጥበብ አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ የዚያ ዘመን ባለሙያ በመስተዋቱ ወይም በፊልሙ ላይ በቀጭን እርሳስ ጉድፍ ይሸፍን፣ በታተመውም ሥዕል ላይ በብሩሽ ቀለም ይቀባ ነበር። የዛሬው ተማሪ ይህንኑ ሥራ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ይሠራዋል። ልዩነቱ ቀድሞ የጥቂት ባለሙያዎች የነበረው ጥበብ ዛሬ ለብዙዎች የተዳረሰ መሆኑ ነው። መሠረታዊው ትምህርት ግን ከስድስት ነገሮች አያልፍም፤ ሁሉም በንግድ ቤት ዕለት ተዕለት የሚፈለጉ ናቸው።

የመጀመሪያው ዋናውን ሥዕል ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው። ጥሩ ሒሳብ ያዥ ዋናውን ደረሰኝ ከመዝገቡ እንደማያወጣ ሁሉ፣ ጥሩ ተማሪም የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ዋናው ሥዕል የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በውስጡ ይዞ ስለሚቆይ በኋላ ክርክር ቢነሣ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ማቅናትና መከርከም ነው። የተጋደመ መጋዘን፣ ከጆንያው ጎን የገባ የሰው እግር፣ ከማድረቂያው አልጋ ጀርባ የተጣለ ፕላስቲክ ገዢውን ከዕቃው ያናጥቡታል። ተማሪው ሥዕሉ ስለ ምን እንደሚናገር ራሱን ጠይቆ የማይናገረውን ክፍል ቆርጦ መጣልን ይማራል። ይህ በአንድ ቀን የሚማሩት ሲሆን ከሁሉ የበለጠ ጥቅም የሚሰጠው ግን እርሱ ነው።

ሦስተኛው ብርሃንና ጥላን ማመዛዘን ነው። የደቡብ ምዕራብ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ስለ ሆነ በቅጠሉ መካከል የሚወርደው ፀሐይ አንዱን ቅርንጫፍ ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር አድርጎ ያሳያል። ጥቁሩን ክፍል በመጠኑ ማብራት፣ የበራውንም ማብረድ ይቻላል። ብርሃኑ ከመጠን ያለፈበትና ፈጽሞ የነጣ ክፍል ግን በውስጡ የተመዘገበ ነገር ስለማይኖረው ምንም ብልሃት አይመልሰውም። ስለዚህ ተማሪው በዚሁ ትምህርት ሥዕሉን ከማስተካከል ይልቅ ገና ሲያነሣ መጠንቀቅ እንደሚበልጥ፣ የጠዋት ወይም የደመና ብርሃን ከቀትር ፀሐይ እንደሚሻል ይረዳል።

አራተኛው ቀለምን ወደ እውነቱ መመለስ ነው፤ ለቡና ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። በደን ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን የቅጠሉን አረንጓዴነት ይዞ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ቀይ እሸት ቡና በሥዕሉ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ የለቃሚዋም ፊት የታመመ መስሎ ይታያል። በመጋዘን ውስጥ ደግሞ የአምፖሉ ብርሃን የታጠበውን ቡና ቢጫ ያደርገዋል፤ ገዢውም ቡናው ያረጀ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተማሪው ቡናውን ሲያነሣ በአጠገቡ አንድ ነጭ ወረቀት ያስቀምጣል፤ በማስተካከያው ጊዜ ያ ወረቀት እንደገና ነጭ እስኪሆን ድረስ የቀለሙን ሚዛን ያርማል፤ ወረቀቱ ሲነጣ ቡናውም የራሱን መልክ ያገኛል። ነጋዴ በሚዛኑ ላይ የታወቀ ክብደት አስቀምጦ ሚዛኑን እንደሚፈትን፣ ተማሪውም የታወቀ ነጭ አስቀምጦ ቀለሙን ይፈትናል።

አምስተኛው ጉድፍን ማንሣት ነው። በካሜራው መስተዋት ላይ ያረፈ አቧራ በሥዕሉ ላይ ነጥብ ይሆናል፤ ይህን ማጥፋት ተገቢ ነው። ነገር ግን በቡናው ላይ ያለው የተባይ ቀዳዳ የመስተዋቱ አቧራ አይደለም። በዚህ ላይ ከዚህ በታች ይመለሱበታል።

ስድስተኛው መጠንና አቀማመጥ ነው። በወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲታተም የሚፈለግ ሥዕል ለአንዱ ኢንች 300 ያህል ነጥብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ 4 ኢንች ስፋት ላለው የማር ማሰሮ መለያ 1,200 ነጥብ ሲበቃ፣ 10 ኢንች ለሆነ የካታሎግ ገጽ 3,000 ነጥብ ይፈለጋል። ሥዕል በቴሌግራም ወይም በሌላ የስልክ መንገድ በተራ አኳኋን ሲላክ ተጨምቆ ብዙ ነጥቡን ስለሚያጣ፣ ለማተሚያ ቤት የሚላከው ሳይጨመቅ በፋይል መልክ መሆን አለበት። ጄፔግ የሚባለው የአቀማመጥ ዓይነትም በተስተካከለና እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል። ደግሞም የኮምፒዩተር መስኮት ቀለምን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ሲያሳይ፣ ማተሚያው በአራት ቀለሞች ስለሚያትም በመስኮቱ ላይ የደመቀው አረንጓዴ በከረጢቱ ላይ ፈዝዞ ሊወጣ ይችላል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ አሥር ሺህ ከረጢት አሳትሞ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ሲከራከር ይውላል፤ የሚያውቅ ተማሪ በአጠገቡ ቢኖረው ግን አስቀድሞ አንድ ከረጢት አሳትሞ ያይ ነበር።

የማይታለፈው ወሰን

እንግዲህ ማስተማሩ ይገባል ሲባል ማንኛውም ዓይነት ማስተማር ይበቃል ማለት አይደለም። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ የሚለው ምሳሌ ለቀልድ ይሆናል እንጂ ለንግድ አይሆንም። ለተማሪው ከመሣሪያው አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባው ትምህርት ወሰኑ ነው፤ ወሰኑም በአጭር ቃል ሊነገር ይችላል። ካሜራው ያበላሸውን ማረም ይገባል፤ ዕቃው የሌለውን መጨመር ወይም ያለበትን መሸሸግ አይገባም።

አረንጓዴው የደን ብርሃን ቀዩን እሸት ቢያጠቁረው ቀዩን መመለስ እውነትን መመለስ ነው። ካልበሰለው ጋር ተደባልቆ የተለቀመውን እሸት በብሩሽ ማቅላት ግን ውሸት ነው። ከመስተዋቱ ላይ አቧራን ማንሣት ንጽሕና ሲሆን፣ ከፍሬው ላይ የተባይ ቀዳዳን ማንሣት ማጭበርበር ነው። የጀንፈል ቡናን መልክ ወደ ታጠበ ቡና መልክ ማዛወርም እንዲሁ ነው። ገዢው ናሙናው በደረሰው ጊዜ ሁለቱን አስተያይቶ ያውቀዋል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና። በዚያን ጊዜ የሚጎዳው ያ ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ከዚያው አገር የሚመጣውን ሥዕል ሁሉ ገዢው በጥርጣሬ ያየዋል። በአንድ ሰው ጥፋት የሚዛንና የቴፒ ስም በሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ፎቶግራፍን ከተጠበቁት ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። ስለዚህ የሌላውን እርሻ ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ በራሱ ከረጢት ላይ የሚያትም ነጋዴ ገዢውንም የሥዕሉንም ባለቤት ይበድላል። የገዛ አገሩ ልጅ የሠራውን ሥዕል የያዘ ነጋዴ ከሁለቱም ክስ የራቀ ነው።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ላኪዎች ቡና የሚሸጠው በቅምሻ እንጂ በሥዕል አይደለም ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ዋጋውን የሚቈርጠው ቅምሻው ነው። ነገር ግን ለቅምሻ የሚቀርበው የተጠየቀው ናሙና ነው። ሥዕሉ ቡናውን ወደ ቀማሹ ጠረጴዛ የሚያደርስ ደላላ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ደላላውም ታማኝና ንጹሕ ልብስ የለበሰ ቢሆን ለባለ ዕቃው ክብር ነው።

ባለሱቆች ደግሞ ሌላ ሥጋት አላቸው፤ እርሱም ከባድ ነው። ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ገንዘብ ልኬያለሁ ብሎ በስልኩ ላይ የተቀነባበረ ማረጋገጫ እያሳየ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አታላይ ታይቷል። ይህን የሚያውቅ ባለሱቅ፣ ሥዕል መለዋወጥን ለወጣቱ ሁሉ ማስተማር ለሌባ ቁልፍ መስጠት ይመስለዋል። ነገር ግን አታላዩ መምህር ሳይጠብቅ ተምሮታል፤ ያልተማረው ባለሱቁ ነው። በአንድ ሥዕል ላይ ቁጥርን መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ መሆኑን በገዛ እጁ ሞክሮ ያየ ተማሪ፣ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ሱቅ የመጀመሪያው ዘበኛ ይሆናል፤ በሌላ ሰው ስልክ ላይ የሚታየውን ሥዕል ማመንን ትተው ገንዘቡ በራሳቸው ሒሳብ መግባቱን እንዲያረጋግጡ ይነግራቸዋልና። የቁጥሮቹ ቅርፅ ሲለያይ፣ መስመሩ ሲንጋደድ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ሲደበዝዝ የሚያስተውል ዐይን የሚገኘውም በዚሁ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዚህ ዘመን ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቃል ሲያዝዙት የቡና እርሻ ሥዕል ፈጥሮ ይሰጣል፤ ታዲያ ተማሪው ለምን ይደክማል? የሚሉ አሉ። መልሱ ቀላል ነው። መኪናው የሚፈጥረው እርሻ በየትም አገር የለም፤ ነጋዴው የሚሸጠው ቡና ግን በሸኮና በቤንች አገር የበቀለ ነው። ፍጹም መልክ ያለው የሐሰት ሥዕል በበዛ መጠን ዋናው የተቀመጠለት፣ ቀኑና ቦታው የታወቀ እውነተኛ ሥዕል ዋጋው ይጨምራል።

ማን ያስተምር? በምን?

መንገዱ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተዘጋጁት የመረጃ ቴክኖሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ምስል ማቀናበርና ስለ መልቲሚዲያ የሚናገር ምዕራፍ ገብቷል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱ ከተሞች ግቢ አለው። በአዲስ አበባ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የኢትዮጵያ ወጣቶች ሥራ ከዓለም ባለሙያዎች ሥራ ጋር ጎን ለጎን ሊታይ እንደሚችል አሳይቷል። የሚጎድለው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ምዕራፍ ከገበያው ሥራ ጋር የሚያገናኝ እጅ ነው። ኮምፒዩተር ባነሰበትና የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቋረጥበት ክፍል ምዕራፉ በቃል ብቻ ተነብቦ ሊታለፍ ይችላል፤ ፎቶግራፍ ማስተካከል ግን እንደ ዋና በእጅና በእግር የሚማሩት እንጂ በንባብ የሚያውቁት አይደለም።

ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ታዋቂው ፎቶሾፕ ዛሬ በየጊዜው በሚከፈል የውጭ ምንዛሪ የሚገኝ በመሆኑ ለትምህርት ቤት ይከብዳል። ነገር ግን ጊምፕ የተባለው ማስተካከያ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ከላይ የተዘረዘሩትንም ስድስት ነገሮች ሁሉ ለመሥራት ይበቃል። ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 መሥራት የጀመሩት ሁለት የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸው ለሚዛንና ለቴፒ ተማሪዎች ማበረታቻ ሊሆን ይገባል። ኮምፒዩተር ባይኖርም ስናፕሲድን የመሰለ ያለ ዋጋ የሚገኝ የስልክ ማስተካከያ ለመጀመሪያው ትምህርት ያገለግላል። ባትሪው የተሞላ ስልክ የመብራት መቋረጥን ለጥቂት ሰዓት ይታገሣል።

ነጋዴዎች ሊያደርጉት የሚገባቸው

ከዚህ የተነሣ የአካባቢው የንግድ ምክር ቤቶችና አባሎቻቸው አምስት ነገሮችን ቢፈጽሙ ትምህርቱ ፍሬ ያፈራል።

አንደኛ፣ በለቀማው ወራት እያንዳንዱ አቅራቢና ላኪ ጥቂት ተማሪዎችን ከመምህራቸው ጋር ወደ ማጠቢያውና ወደ መጋዘኑ ያስገባ። ተማሪ በፍራፍሬ ሥዕል ከሚለማመድ ይልቅ በእውነተኛ ቡናና በእውነተኛ ኮረሪማ ቢለማመድ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ለተሠራው ሥዕል ዋጋ ይከፈል። ለጆንያ መስፊያና ለጭነት የሚከፍል ነጋዴ ዕቃውን ለዓለም ለሚያሳየው ሥራ መክፈል አይከብደውም። ያለ ክፍያ የሚሠራ ወጣት እንደ ጨዋታ ይሠራል፤ የሚከፈለው ግን እንደ ሙያ ይይዘዋል፤ ከአገሩም ወጥቶ ለመሄድ አይቸኩልም።

ሦስተኛ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ገበሬ ወይም ለቃሚ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ሥዕሉም ለምን ሥራ እንደሚውል በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። መልኩን ሰጥቶ ስሙን እንኳ ያልተጠየቀ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ በሩን አይከፍትም።

አራተኛ፣ ምክር ቤቱ የዋና ሥዕሎችን መዝገብ ያቋቁም። እያንዳንዱ ሥዕል የተነሣበት ቀበሌ፣ ቀን፣ የምርቱ ዓይነትና የአንሺው ስም ተጽፎ ቢቀመጥ፣ አነስተኛው ባለሱቅም ሆነ ማኅበሩ የሌላ አገር ሥዕል ለመዋስ አይገደድም። ገዢም ሥዕሉን ሲጠራጠር ዋናውን የሚጠይቅበት ቦታ ይኖራል።

አምስተኛ፣ ከላይ የተነገረው ወሰን በአንድ ገጽ ተጽፎ ተማሪውም ነጋዴውም ይፈርሙበት። ተማሪው የተባይን ቀዳዳ እንዲሸፍን በነጋዴው ቢታዘዝ እምቢ ለማለት የሚደገፍበት ነገር ያሻዋል፤ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው ሲያዝዝ ወጣት ብቻውን መቆም ይከብደዋልና። ነጋዴውም የፈረመበትን ወረቀት ለገዢው ቢያሳይ ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ ያገለግለዋል።

አስመጪዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ያገለገሉ ነገር ግን ደኅና የሆኑ ኮምፒዩተሮችን፣ የካሜራ መስተዋቶችንና የባትሪ ማስቀመጫዎችን ለትምህርት ቤቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያቀርቡ፣ ዛሬ የረዱት ተማሪ የነገ ደንበኛቸው ነው።

የደቡብ ምዕራብ ደን ለዓለም ቡናን ሰጥቶ ለብዙ ዘመን ስሙ ሳይጠራ ኖሯል። የጌሻ ዘር ወጥቶ በሌላ አገር ስም ሲከብር የተመለከተ ነጋዴ፣ የቡናው መልክም እንዲሁ በሌላ ሰው እጅ እስኪሠራ ድረስ መጠበቅ አይገባውም። መሣሪያው በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ፤ ምዕራፉ በመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ቡናውም በአልጋው ላይ ተሰጥቷል። የቀረው መጪው ለቀማ ሳይደርስ ነጋዴውና መምህሩ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቀኑን መቍረጥ ነው።